ሸኚ የሚናገርበት መንገድ፤ ደባርቅና ዳባት

ከተመለስኩ ወዲህ የሚያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ዋልያ ነው። «ስሜን ድረስ ሄደሽ ዋልያ ሳታዪ መጣሽ?» ይሉኛል። አላየሁም። ተራራውንም ቢሆን ያየሁት ከሩቅ፣ ደመናው ለአፍታ ገለጥ ሲል፣ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ነው። የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። የእርሻ ፖሊሲው ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው ወይስ የአንድ ሰሞን ነገር ነው ብዬ ገበሬውን፣ ባለሙያውን፣ ነጋዴውንና የወረዳውን ኃላፊ ልጠይቅ ነው የሄድኩት። በጥናት ቋንቋ «የባለድርሻ አካላት አስተያየት» ይባላል። ጥናቱን ጽፌ ለላከኝ ክፍል አስረክቤአለሁ። እዚህ የምጽፈው በዚያ ውስጥ ቦታ ያላገኘውን ነው፤ የምጽፈውም ወደዚያ አገር መሄድ ለማይሆንላቸው፣ ይልቁንም እንደኔ ደጋ ተወልደው ከተማ ለከረሙ ሰዎች ነው።

የቀበሌውን ስም አልጠራም። የሰዎቹንም ስም ቀይሬአለሁ። ያጫወቱኝ አምነውኝ ነውና።

ሰኞ

ከደብረ ብርሃን እሑድ አዲስ አበባ ወርጄ አደርኩና ጠዋት በአውሮፕላን ጎንደር ገባሁ። ወደ ደባርቅ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ መናኸሪያው ውስጥ ብዙ ቆየን። ረዳቱን «መንገዱ እንዴት ነው?» አልኩት። «ዛሬ ሰላም ነው» አለኝ። ስለ ነገ አልጨመረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እኛም አገር ይህ ጥያቄ የሚመለሰው እንዲሁ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ ዘሀራ የሚባሉ የዳባት የእህል ነጋዴ ነበሩ። ጎንደር ያለች ልጃቸውን አራስ ጠይቀው መመለሳቸው ነው። ሻንጣዬን ከእግሬ ሥር ገፋ አድርገው ዘንቢላቸውን ካስገቡ በኋላ፣

«ምን ልትሠሪ ነው ወዲያ የምትሄጅው?» አሉኝ።

«ስለ እርሻ ሰው ልጠይቅ።»

«ማንን?»

«ሁሉንም። እርስዎንም ጭምር።»

«እኔንማ ከጠየቅሽኝ ሰነፍ ቆሎ አምጭልኝ!»

ሰነፍ ቆሎ ገለባው በቀላሉ የሚለቅ ገብስ ነው። ሙቀጫና ዘነዘና አይፈልግም፤ ሰነፍ ሴት እንኳ ቆልታ ታቀርበዋለች ሲሉ ነው ይህን ስም ያወጡለት። በእኛ በመንዝ ዘመዱ ጠመዥ ይባላል። ስሙን ስሰማ አፌ ውስጥ ጣዕሙ መጣ።

«ድሮ ከደጋው በከረጢት በከረጢት ይወርድልኝ ነበር» አሉ ወይዘሮ ዘሀራ። «አሁን በጣሳ ሆነ። ወላሂ፣ የጎንደር ቆሎ ሻጮች ደብቃ ነው እያሉ ስሜን አጥፍተውታል።»

«ምን ሆኖ ጠፋ?»

«ሁሉም ስንዴ ሆነ እንጂ። ስንዴውን አልጠላውም፤ አተርፍበታለሁ፣ አልዋሽም። ግን ነሐሴ ላይ ስንዴ አይበላ!»

ይህችን የመጨረሻዋን አባባል እንደ ቀልድ ሰምቼ አለፍኳት። ትርጉሟ የገባኝ ረቡዕ ዕለት ነው።

አምባ ጊዮርጊስን ካለፍን በኋላ አገሩ ሰፋ። ግንቦት ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ማሳው ሁሉ ታርሷል። መስኮቱን ትንሽ ከፈትኩት። ገብስ የሚዘራበት አፈር ዝናብ ሲነካው የሚሰጠው ሽታ አለ፤ መንዝም ስሜንም አንድ ነው። ከሸተተኝ ስንት ዘመኔ! የአባቴ ማሳ ዛሬ ባሕር ዛፍ ነው። ወንድሞቼ ተከሉትና ከተማ ገቡ፤ አልፈርድባቸውም፣ እኔም ከተማ ነኝ። ባሕር ዛፍ ውስጥ ግን ይህ ሽታ የለም። ወይዘሮ ዘሀራ ዳባት ሲወርዱ «መስኮቱን ዝጊው፣ ብርድ ይመታሻል» ብለውኝ ሄዱ።

ደባርቅ ያረፍኩበት ሆቴል በደጉ ጊዜ ተራራ ወጪ ፈረንጆች ይሞሉት የነበረ ነው። ያን ቀን እንግዳው እኔ ብቻ ነበርኩ። ባለቤቱ ሙቅ ውሃ አለ ብሎኝ ነበር፤ ያለው በባልዲ ነው። ቢሆንም ራሱ አፍልቶ፣ ራሱ ተሸክሞ ደረጃውን ወጣልኝ። በደብረ ብርሃን ሆቴል ሙቅ ውሃ በቧንቧ ይመጣል፤ ሲቋረጥ ግን ተሸክሞ የሚወጣ የለም። እራት ነጭ ሽንኩርት የበዛበት የድንች ወጥ በላሁ። ብርዱ የእኛው ብርድ ስለሆነ አልተቀየምኩትም፤ ከቤት ያመጣሁትን የመንዝ ባና ደርቤ ተኛሁ።

ማክሰኞ

የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ደሳለኝ ጠዋት በባጃጅ መጣልኝ። ጎልማሳ ነው፣ ረጋ ያለ፤ «መምህርት» ብሎ ይጠራኛል። አስተማሪ እንዳልሆንኩ ብነግረውም አልተወም። ባጃጁ መንገዱ እስከፈቀደለት ወሰደን፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ወጣን።

ስብሰባው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለ ወይራ ሥር ነበር። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ተቀመጡ። የጠየቅሁት ስለ ኩታ ገጠም ነው። ኩታ ገጠም ማለት የጎረቤታሞች ማሳ ድንበሩ ሳይፈርስ እንደ አንድ ማሳ ተቆጥሮ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ዘር ባንድ ሰሞን የሚዘራበት አሠራር ነው። እዚህ የተመረጠው ዘር ስንዴ ነው።

መጀመሪያ የተናገሩት ቄስ ሙሉ ናቸው፤ የሰፈሩ ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። «ደግ ነው» አሉ። «ምርት ጨምሯል። ማዳበሪያው በጊዜው ቢመጣ ደግሞ የበለጠ ደግ ይሆን ነበር።»

ቀጣዩ ቄሱ እንዳሉት ነው አለ። ከእሱ የቀጠለውም ቄሱ እንዳሉት ነው አለ። አንዱ ቀልደኛ ተነሥቶ «እኔ ግን ቄሱ ካሉት በላይ ደግ ነው ባይ ነኝ» ሲል ሁሉም ሳቀ። «ጉድለቱስ?» ብዬ ብጠይቅ ዓይኑ ሁሉ ወደ ቄሱ ዞረ። ሴቶቹን ስጠይቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሰበሰቡ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትዳሬ ከፈረሰ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ ዲግሪዬን ስይዝ ሸብቼ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ቸልታ አያውቅም፤ የጎደለ መልስ እንደ ጎደለ እንጀራ ያሳስበኛል። ያን ቀን ግን የሁሉም መልስ ካንድ አፍ የወጣ መሰለኝ።

ስብሰባው ሲበተን ቄስ ሙሉ መቋሚያቸውን አንሥተው «በሉ እንሸኛችሁ» አሉና ከፊት ቀደሙ። ጥቂት ሰዎችም ተከተሏቸው። እኔ ሰው ማድከም አልወድም። ደብረ ብርሃን ባለሁበት ሕንፃ ሽኝት እስከ በር ነው፤ ደረጃው ላይ ወርዶ የሚሸኝ ቢኖር እንግዳው ያፍራል። ስለዚህ ገና ጥቂት እንደ ሄድን ጎንበስ ብዬ፣

«አባ፣ ይበቃል፤ ይመለሱ፣ አይድከሙ» አልኩ።

መቋሚያቸው አየር ላይ ቆመች። «እንዲህ ነው?»

«አዎ አባ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«እንግዲያ መንገዱን ይባርክልሽ» ብለው ተመለሱ። ሰዎቹም ተመለሱ። ደሳለኝ ጉሮሮውን ጠረገ፤ የጠረገው ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ታርሰው ካደሩት ማሳዎች መካከል አንዷን በእጁ አሳየኝ። «የእትየ ጥሩነሽ ናት» አለኝ። «ከኋላ፣ ግንዱ ላይ የነበሩት። ባላቸው ሞቷል። ዙሪያዋ ሁሉ ስንዴ ሲሆን እሳቸው መሃሉ ላይ ሰነፍ ቆሎ ይዘራሉ። ዘሩ ያለው አሁን እሳቸው ጋ ብቻ ነው።»

«ምን ይሆናሉ ታዲያ?»

«ሐሙስ ዳባት ላይ በሚደረገው መድረክ የዘንድሮው ዕቅድ ይጸድቃል። እንደ ተነደፈው ከጸደቀ የመሃሉም ስንዴ ነው።»

«ገብሱ አንድ ዓመት ባይዘራስ?»

«ነቀዝ ይጨርሰዋል። እትየ ጥሩነሽ ዘሩን የሚያቆዩት እየዘሩት ነው።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ ባለሙያ ነኝ፣ መምህርት» አለኝ። ያ መልስ ይሁን አይሁን አላወቅሁም።

ረቡዕ

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ አንሸራታች ሆኗል። እትየ ጥሩነሽን ቤታቸው ልጠይቃቸው ከደሳለኝ ጋር ወጣሁ፤ እሱ ማዳበሪያ ያከፋፍል ስለነበር ከደጅ አድርሶኝ ሄደ።

በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕም አይጾምም፤ እትየ ጥሩነሽ አይብ አቀረቡልኝ። ቀጥሎ ያንን ቆሎ ሰጡኝ። በጥርሴ ሳደቅቀው የማልቀስ ያህል ቃጣኝና ጎንበስ ብዬ ጫማዬን የማስተካክል መሰልኩ። ኮረፌም ቀዱልኝ፤ ኮረፌ የዚህ አገር የገብስ መጠጥ ነው፤ ከእኛ ጠላ ወፈር፣ ለስለስ ያለ። «ጠጭ እንጂ! የመንዝ ሰው ምነው ዶሮ ሆነ?» አሉኝ።

ከዚያ ጥያቄዬን ጀመርኩ። ኩታ ገጠሙ እንዴት ነው? «ደግ ነው።» ስንዴው? «ደግ ነው።» የእርስዎ ማሳስ? «መንግሥት ያውቃል፣ እግዜር ይመስገን።» ሦስት ዓይነት አድርጌ ብጠይቅ ሦስቱንም ጊዜ ደግ ነው። ተስፋ ቆርጬ ተነሣሁ።

ደጃፉን ስረግጥ የቀኝ ጫማዬ ሶል ከጭቃው ጋር ቀረ። እትየ ጥሩነሽ አይተው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ግን ሳቁ አመለጣቸው። እኔም ሳቅሁ። ከውስጥ ኮንጎ ጫማ ይዘው ወጡ፤ አረንጓዴ ፕላስቲክ ነው፤ ጎንደር ሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው ትታው የሄደችው። ሰፋኝ። ገና ከበሩ ስንወጣ እንደ ልማዴ «ይመለሱ» ልል አፌን ስከፍት አዳለጠኝና ክንዳቸውን ጨበጥኩ። እሳቸውም ጨበጡኝ፤ እንደዚያ ተያይዘን ቀስ ብለን ወረድን።

ማሳቸውን አለፍን፤ ዝም አሉ። የጎረቤቶቻቸውን ማሳ አለፍን፤ ዝም አሉ። ከኮሶው ዛፍ ስንደርስ ቤታቸው ከዓይን ተሰወረ። ያኔ፣

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ ስንዴውን የምጠላ መስሎሽ እንዳይሆን።»

«አይደለም እንዴ?»

«ኧረ አይደለም በማርያም! ስንዴ ልጆቻቸውን አስተማረላቸው፣ ቆርቆሮ አለበሰላቸው። ግን ስንዴ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ነሐሴ ሲገባ የዚህ ሰፈር ጎታ ባዶ ነው። ስንዴው ገና አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል፤ አያዩት ነገር፣ አይበሉት ነገር። ገብሷ ግን ቀድማ ትደርሳለች። ያኔ ሁሉም ሰፌድ ይዞ ወደኔ ይመጣል፤ ያ ትናንት ያሳቀሽ ሳይቀር። ለሁሉም እሰጣለሁ። ስንዴው ሲደርስ ይመልሱልኛል። ባሌም እንዲህ ያደርግ ነበር፣ አባቱም። እሷ ከጠፋች የነሐሴን አፍ ምን ይዘጋዋል?»

«ትናንት ለምን አልተናገሩም? ጎረቤቶችዎስ እያወቁ?»

«ስብሰባ ላይ? ሰው በተሰበሰበበት ነሐሴ ላይ ይርበናል የሚል ጎበዝ የታለ? ውርደት እኮ ነው። እኔ ባል የሌለኝ ሴት ብናገር ደግሞ ልማት አደናቃፊ ነው የምባል።» ክንዴን ጠበቅ አደረጉት። «አንች ንገሪልኝ። እንግዳ ነሽ፤ ብትናገሪ አታፍሪ።»

ሥራዬ መስማት እንጂ መናገር እንዳልሆነ አስረዳኋቸው። ሐቁ ይሄ ነው፤ ጠያቂ አማላጅ ከሆነ የጠየቀው ሁሉ ይበላሻል፤ ይህን ያስተማሩኝንም አከብራለሁ። እሳቸው ሰምተው «ይሁን» አሉ፤ ግን መሸኘቱን አላቆሙም።

ጥቂት እንደ ሄድን ቄስ ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኙንና መንገዳቸውን አጥፈው አብረውን ወረዱ።

«ዛሬስ ሸኚ ተቀበልሽ?» አሉኝ።

«ምን አጠፋሁ አባ?»

«ትናንት ይችው ጥሩነሽ የምትልሽን ልነግርሽ ተነሥቼ ነበር። አንች ተመለስ አልሽኝ። እንግዳ ሸኚውን ገና ከደጅ ከመለሰ እኮ በቃኝ፣ አልሰማም ማለቱ ነው። ሰው ልቡን ቤት ውስጥ ይናገራል እንዴ? ቤት ውስጥ ያለው ለእንግዳ ክብር ነው፤ ጉዳዩ ለመንገድ ነው።» እትየ ጥሩነሽ «ኧረ ተው አባ፣ አታሳፍራት» አሉ እየሳቁ።

እኔ ግን በእፍረት ፈንታ ናፍቆት ነው የያዘኝ። ይህንን አውቀው ነበር እኮ። ትዳሬ ፈርሶ ልማር ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ ብዬ ስነሣ አባቴ ቤት ውስጥ ያለኝ «እንደ ፍጥርጥርሽ» ብቻ ነው። ሸኘኝ፤ ማሳውን አለፍን፣ ወንዙን ተሻገርን፣ ዳገቱ ላይ ሲደክመው ቆመና «ሂጂ፤ እኔ ያላወቅሁትን አንች ብታውቂው ይሻላል» አለኝ። ያንን ቃል የሰጠኝ መንገዱ ነው። ዛሬ መንዝ ብሄድ እንደዚያ የሚሸኘኝ የለም፤ ማሳውም ጥላ ሆኗል። የእኔን ደጅ የሚያንኳኳም እስከ ደረጃው ነው የምሸኘው።

ደሳለኝ መንገዱ ላይ በባጃጅ ይጠብቀኝ ነበር። ኮንጎውን አይቶ «ጎንደሬ ሆኑ!» አለኝ።

ሐሙስ

ሻንጣዬን ይዤ ዳባት ወረድኩ፤ ከመድረኩ በኋላ ወደ ጎንደር ልቀጥል ነው። አዳራሹ ሞልቷል። የግብርና ኃላፊው አቶ ሞገስ ዕቅዱን አነበቡ። ጥሩ አንባቢ ናቸው፤ ሰውም ጥሩ አድማጭ ነው። ሲጨርሱ ጭብጨባ ሆነ። አስተያየት ሲባል ተራ በተራ ተነሥተው የተናገሩት ሁሉ ደግ ነው አሉ።

የእኔ ተራ ደረሰ። ሌሊቱን ሳስብ አድሬ የወሰንኩት ነገር ነበረኝ፤ አላማልድም፣ የሰማሁትን ግን አልቀንስም። የማንንም ስም ሳልጠራ፣ በኩታ ገጠሙ ውስጥ ቀድሞ የሚደርስ ገብስ እንዳለ፣ ሰው የነሐሴን ችግር በእሱ እንደሚያልፍ፣ ዘላቂነቱን ስንጠይቅ ይህም እንዲታይ የሚፈልጉ እንዳሉ ተናገርኩ። ድምፄ ዝቅተኛ ነው፤ ከኋላ የሰሙ አይመስለኝም። አቶ ሞገስ «በሂደት የሚታይ ይሆናል» አሉና ወደሚቀጥለው አለፉ። ዕቅዱ እንደ ተነበበ ጸደቀ። ምሳ ቀረበ፤ ጥብሱ ጥሩ ነበር፣ እኔ ግን አልጨረስኩትም። እትየ ጥሩነሽ «ይሁን» ያሉበት ፊታቸው ከዓይኔ አልጠፋም።

ልሰናበት ስነሣ አቶ ሞገስ ሻንጣዬን አነሡ። «እስከ መናኸሪያው ልሸኝዎት።»

አይድከሙ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። «እሺ» አልኩ።

በገበያው መሃል አለፍን። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ አዲሱ መንገድ አወሩ። የእህል ተራውን ስናልፍ፣

«ያ ያነሡት ገብስ» አሉ፣ «ሰነፍ ቆሎ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ የጃናሞራ ልጅ ነኝ፣ ከደረስጌ ማዶ። እናታችን ነሐሴን በእሱ ነው ያሻገረችን።»

መናኸሪያው በር ላይ ነጠላ ያጣፉ ሴት ቆመዋል። እትየ ጥሩነሽ ናቸው፤ በእጃቸው የኔ ጫማ አለ።

«ለሊስትሮ ሰጥቼ አሰፋሁልሽ» አሉኝ። «ጎንደር በኮንጎ ገብተሽ ሰው እንዲስቅብሽ ነው?»

አቶ ሞገስን ሲያዩ ደንገጥ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። አቶ ሞገስም ሰላም አሏቸውና አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አዩ። «ማሳዋ የእርስዎ ናት፣ እትየ?» አሉ።

እዚያ ስብሰባ የለም። ባንድ እንግዳ የተገናኙ ሁለት ሸኚዎች ናቸው። እትየ ጥሩነሽ ቀና አሉና ለእኔ የነገሩኝን ነገሯቸው፤ አንዲት ቃል ሳያጎድሉ፣ የባላቸውን አባት ሳይቀር። ሲጨርሱ አቶ ሞገስ ሻንጣዬን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እርስዎ በአዳራሹ አንሥተውት ቢሆን አይሆንም ነበር የምለው» አሉ። «ዕቅድ በሰው ፊት ከተነበበ በኋላ በሰው ፊት አይታጠፍም። እዚህ ግን… ዘንድሮ ይዝሯት፣ እትየ። ለደሳለኝ እኔ እነግረዋለሁ። የከርሞውን ግን ቃል አልገባም። ከርሞ እኔ ራሴ እዚህ ልኑር አልኑር አላውቅም።»

«የከርሞውን ማን ጠየቀህ?» አሉ እትየ ጥሩነሽ፤ እናትነታቸው መጥቶ አንተ ማለታቸውን ልብ ያሉትም አይመስለኝ። «እኔ የለመንኩ የዘንድሮዋን ነው።»

በጥናቱ ላይ ይህንን ምን ብዬ እንደምጽፍ አላወቅሁም። የአንድ ክረምት ፈቃድ ዘላቂ አይባልም። ያቺ ገብስ ግን እስካሁን የኖረችው እንዲሁ ነው፤ በየዓመቱ አንድ ሰው ዘንድሮም ትዘራ እያለ።

ጫማዬን ቀይሬ ኮንጎውን መለስኩላቸውና ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ገና ግማሹ ባዶ ነው፤ ረዳቱ «ጎንደር! ጎንደር!» ይላል። ውጭ ሁለቱም ፀሐይ ላይ ቆመዋል። እንግዳዋ ተመለሱ ካላለች ሸኚ አይሄድምና አቶ ሞገስ ሰዓታቸውን ቢያዩም አልተንቀሳቀሱም። እትየ ጥሩነሽ ኮንጎዋን አቅፈው፣ ጎንደር ያለችውን ልጃቸውን ባገኛት ሰላም እንድልላቸው በመስኮቱ ይነግሩኛል፤ ጎንደርን በሚያህል ከተማ አንዲት ልጅ እንዴት እንደምትገኝ አላሰቡትም፣ እኔም አላነሣሁባቸውም። መልኳን ጠየቅሁ፤ ነገሩኝ። ሳቋን ጠየቅሁ፤ እሱንም ነገሩኝ።

የለመድኩት ጨዋነት ደጋግሞ ጎተጎተኝ፤ በቃ፣ ይሂዱ፣ ሥራ አላቸው እያለ። የአባቴ ዳገት ትዝ አለኝ። ረዳቱ የመጨረሻውን ሰው አስገብቶ በሩን እስኪዘጋ፣ ሚኒባሱም ተነሥቶ ሁለቱ ከኋላ መስተዋቱ ውስጥ እስኪጠፉ ድረስ፣ ተመለሱ አላልኳቸውም።